ገጹ የት አለ? ሦስት ሳምንት በኢንቨስትመንት ባንክ

«ባንክ ልለማመድ ነው» ስላት እናቴ መጀመሪያ የጠየቀችኝ «የትኛው ቅርንጫፍ?» ብላ ነው። ቅርንጫፍ የለውም አልኳት። ብር የሚገባበትም የሚወጣበትም መስኮት የለውም። «ታዲያ ምኑ ነው ባንክ?» አለች። እውነቷን ነው። እኔም ከመግባቴ በፊት ጥርት አድርጌ መመለስ አልችልም ነበር።

የአካውንቲንግና ፋይናንስ ተማሪ ነኝ። ዘንድሮ እመረቃለሁ። ባለፈው ክረምት፣ ሐምሌ 2017፣ አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ ኢንቨስትመንት ባንክ ለሦስት ሳምንት ተለማምጃለሁ። ይህን የምጽፈው ከኋላዬ ለሚመጡ ተማሪዎች ነው። ለእኔ የነገረኝ ሰው አልነበረም። ዩቲዩብ ላይ ያገኘሁት ሁሉ የኒውዮርክና የለንደን ነው። ጥሩ ነው፣ ግን ስለ ሐምሌ ጭቃም፣ ስለ ሁለት የዘመን አቆጣጠርም፣ እሁድ ቡና ላይ አጎትሽ ስለሚጠይቅሽ ጥያቄም የሚናገር የለም። የገባሁበትን ድርጅት ስም አልጠቅስም። ስለ ደንበኞቹም አንድ ነገር አልጽፍም። ለምን እንደሆነ ወደ ታች እመጣበታለሁ።

መጀመሪያ የእናቴን ጥያቄ ልመልስ። ኢንቨስትመንት ባንክ ቁጠባ አይሰበስብም። እኛ አገር ፈቃዱን የሚያገኘውም ከኢትዮጵያ ካፒታል ገበያ ባለሥልጣን ነው። አንድ ኩባንያ ማስፋፊያ ይፈልጋል እንበል። ከንግድ ባንክ ከመበደር ይልቅ አክሲዮን ወይም ቦንድ ሸጦ ገንዘብ ማግኘት ይችላል። ያኔ ድርጅቱ ስንት ያወጣል? አንዱ አክሲዮን በስንት ይሸጥ? ለገዢው ምን ዓይነት ሰነድ ይቅረብ? ባለሥልጣኑ ምን ይጠይቃል? ይህን ሁሉ ቁጭ ብሎ የሚሠራው ኢንቨስትመንት ባንኩ ነው። ሁለት ድርጅቶች ሲዋሃዱ ወይም አንዱ ሌላውን ሲገዛም መሃል ገብቶ ሂሳቡን የሚሠራው እሱ ነው።

ሥራው እዚህ ገና ጨቅላ ነው። የካፒታል ገበያ አዋጁ ቁጥር 1248/2013 ነው፤ ቁጥሩ ራሱ እንደሚለው በ2013 የወጣ። አክሲዮንና ቦንድ የሚገበያዩበት የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ በይፋ የተከፈተው ጥር 2 ቀን 2017 ነው። መጀመሪያ የተመዘገበው ኩባንያ ወጋገን ባንክ ነበር። በኢንቨስትመንት ባንክነት ፈቃድ ካገኙት ቀዳሚዎቹ ሲቢኢ ካፒታልና ወጋገን ካፒታል ናቸው። በንጉሡ ዘመን አዲስ አበባ ውስጥ አክሲዮን ይገበያይ እንደነበር ያወቅኩት እዚያ ገብቼ ነው። አብዮቱ መጥቶ ባንኩም ፋብሪካውም ሲወረስ ያም ቀረ። ስለዚህ እኛ የምንገባበት ቤት ወደ ሃምሳ ዓመት ተዘግቶ የቆየ ቤት ነው። ይህን ማወቅ ይጠቅማል፤ ቢሮው ውስጥ «ሁልጊዜ እንዲህ ነው የምናደርገው» የሚል ሰው ብዙ አታገኙም። አለቆቹም እየተማሩ ነው። ተማሪ ጥያቄ ቢጠይቅ አይገርማቸውም።

አሁን ስለ አገባቤ። ትምህርት ክፍላችን የድጋፍ ደብዳቤ ይሰጣል። «ለሚመለከተው ሁሉ» ተብሎ የተጻፈ፣ ማኅተም ያለበት፣ አንድ ገጽ። እሱን ይዤ ስድስት ቢሮ ዞርኩ። አብዛኛው ቦታ «ደብዳቤሽን አስቀምጪ፣ እንደውላለን» ተባልኩ። የደወለ የለም። አንድ ቦታ ጥበቃው ከበር መለሰኝ። አልፈርድባቸውም፤ ያ ደብዳቤ ስለ እኔ የሚናገረው ነገር የለም፤ ከመቶ ተማሪ ጋር አንድ ዓይነት ነው።

ሰባተኛው ላይ ሌላ ነገር ሞከርኩ። በ2017 ጥቅምት ኢትዮ ቴሌኮም አክሲዮን ለሕዝብ ማቅረቡን ታስታውሳላችሁ። ያን ጊዜ ለገዢዎች የወጣውን ሰነድ፣ ፕሮስፔክተስ የሚሉትን፣ በአማርኛ «የደንበኛ ሳቢ መግለጫ» የተባለውን፣ አውርጄ አነበብኩት። አራት ቀን ፈጀብኝ። ግማሹ አልገባኝም። ከገባኝ ነገር አንድ ገጽ ጻፍኩ፤ ካልገባኝ ደግሞ ሦስት ጥያቄ መርጬ ከሥር አስቀመጥኩ። ከድጋፍ ደብዳቤው ጋር አያይዤ በኢሜይል ላክሁ። በስምንተኛው ቀን ተደወለልኝ። ያቺ አንድ ገጽ ባትኖር የሚደውሉ አይመስለኝም። ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ የምትወስዱ ከሆነ ይህን ውሰዱ፦ የወጣ ሰነድ ፈልጉ፣ አንብቡ፣ ስለሱ ጻፉ። ነፃ ነው፤ ዘመድ አይፈልግም።

ቃለ መጠይቁ ሃያ ደቂቃ ነበር። ሁለት ሰዎች ነበሩ። ክፍሉን የሚመሩት ሴትዮና አንድ ወጣት አናሊስት፣ የኩባንያዎችን ቁጥር የሚተነትን ሠራተኛ ማለት ነው። የትምህርት ውጤቴን ብዙም አላዩትም። ሴትዮዋ የላክሁትን ገጽ ይዘው «እንዲህ ብለሻል» ብለው ጀመሩ። «ለሽያጭ የቀረበው 100 ሚሊዮን አክሲዮን ነው። ዋጋው 300 ብር። ይህ ከድርጅቱ 10 በመቶ ነው። ድርጅቱ በሙሉ ስንት ተተመነ ማለት ነው?» 100 ሚሊዮን በ300 ሲባዛ 30 ቢሊዮን ብር። 10 በመቶው 30 ቢሊዮን ከሆነ ሙሉው 300 ቢሊዮን። መለስኩ። «አንድ ሰው ቢያንስ ስንት ብር ያስፈልገው ነበር?» ትንሹ 33 አክሲዮን ነው፤ 9,900 ብር። ይህንንም አወቅኩት።

ከዚያ «300 ብሩ ራሱስ ከየት መጣ?» አሉኝ።

ዝም አልኩ። ድርጅቱ ያወጣው ዋጋ ነው ልል ነበር። ግን እሳቸው የሚጠይቁኝ ያንን እንዳልሆነ ገባኝ። «አላውቅም። ሰነዱን ይዤዋለሁ፣ የሚለው ገጽ ካለ አይቼ ልመልስ እችላለሁ?» አልኩ። አናሊስቱ ፈገግ አለ። በኋላ፣ ሥራ ከጀመርኩ በኋላ፣ ያስገባኝ ያ መልስ እንደሆነ ነገረኝ። አላውቅም ማለት በትምህርት ቤት ነጥብ ያስቀንሳል። እዚያ ግን የሚፈሩት የማያውቀውን ተማሪ ሳይሆን የማያውቀውን የሚገምተውን ነው።

ስለ ዝግጅት ጥቂት ልበል፣ ማንም ስለማይነግራችሁ። ልምምዱ ክፍያ የለውም። እኔ የነበርኩበት ቦታ የትራንስፖርት እንኳ አልነበረም፣ ያንንም አስቀድመው ነግረውኛል። የታክሲ ብር ከአባቴ ወሰድኩ፤ ምሳ ከቤት በምሳ ዕቃ ያዝኩ። አፍሬ ነበር፤ ግን በሁለተኛው ቀን ከሠራተኞቹ ግማሾቹ ምሳ ዕቃ እንደሚይዙ አየሁ። ኮት ከእህቴ ተዋስኩ። ሐምሌ ነውና ሁለት ጫማ ይኑራችሁ፤ አንዱን ለመንገድ፣ አንዱን በፌስታል ይዛችሁ ለቢሮ። ሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ይጀመራል። መውጫው አሥራ አንድ ተኩል ነው ቢባልም ሰነድ የሚገባበት ቀን ሲቃረብ ሰዉ ያመሻል። እኔ ቤቴ ሩቅ ነው፤ ከምሽቱ አንድ ሰዓት በኋላ የእኛ ሰፈር ታክሲ ማግኘት ፈተና ነው። በመጀመሪያው ቀን ለሴትዮዋ ይህንኑ ነገርኳቸው። «አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ውጪ፤ ማንም ቅር አይለውም» አሉኝ። በተለይ ሴቶች እህቶቼ፣ ይህን ለመናገር አትፈሩ። ቀድሞ ከተነገረ ችግር የለውም። ተደብቆ ሹልክ ማለት ነው የሚያስከፋው።

መጀመሪያው ሳምንት ንባብ ብቻ ነበር። የኩባንያዎች ዓመታዊ ሪፖርት ክምር ሰጡኝ፤ ሁሉም ለሕዝብ የወጡ ናቸው። ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ፒችትሪ የሚባለውን የሂሳብ ሶፍትዌር ተምሬያለሁ። ጆርናል መጻፍ፣ ሌጀር መዝጋት አውቃለሁ። ሪፖርት ማንበብ ግን አላውቅም ነበር። ከፊት ጀመርኩ። የቦርድ ሊቀመንበሩ መልእክት፣ ፎቶ፣ የዛፍ ተከላ፣ በቀለም ያሸበረቀ ግራፍ። አናሊስቱ መጥቶ ሪፖርቱን ከእጄ ወስዶ ገለበጠው። «ከኋላ ነው የሚነበበው» አለኝ። መጀመሪያ የኦዲተሩን አስተያየት አንብቢ፤ ኦዲተሩ «ከዚህ በስተቀር» ያለው ነገር ካለ ያን ምልክት አድርጊበት። ከዚያ የሂሳብ መግለጫው ሥር ያሉትን ማብራሪያዎች። ብድሩ ለማን ነው? ድርጅቱ ከቦርድ አባላት ወይም ከእነሱ ዘመዶች ጋር የሚሠራው ሥራ አለ? ፍርድ ቤት ያለ ጉዳይ አለ? የሊቀመንበሩን መልእክት መጨረሻ ላይ። እስከ ዛሬ እንዲህ ነው የማነበው። አንድ ቀን የሚፈጀውን ሪፖርት አሁን በሁለት ሰዓት አነበዋለሁ።

ዋጋ ትመናን፣ አንድ ድርጅት ዛሬ ስንት እንደሚያወጣ ማስላትን፣ አናሊስቱ ያስረዳኝ በዕቁብ ነው። ትምህርት ቤት ቀመሩን ሸምድጄዋለሁ፤ ገብቶኛል ብዬም አስብ ነበር። «ዕቁብ ትጥያለሽ?» አለኝ። እናቴ ትጥላለች አልኩ። «እንበልና አሥር ሰው ነው፤ በወር አሥር አሥር ሺህ። ዕጣው 100 ሺህ ብር ነው። መጀመሪያ የደረሰውና አሥረኛ የደረሰው እኩል ነው ያገኙት?» ቁጥሩ እኩል ነው አልኩ። «ታዲያ ሰው ለምን የመጀመሪያውን ዕጣ ይገዛል?» እውነት ነው። እህቴ ስትዳር እናቴ የጎረቤታችንን ዕጣ ጨምራ ከፍላ ገዝታ ነበር። የእሷ ተራ ሩቅ ነበረና። «ያ የተጨመረው ብር ነው የጊዜ ዋጋ» አለኝ። «ኩባንያም እንዲሁ ነው። ከአምስት ዓመት በኋላ የሚያገኘው ትርፍ አሥረኛ ዕጣ ነው። ዛሬ ልግዛው ካልሽ በሙሉ ዋጋው አትገዢውም።»

ከዚያ በወረቀት አሠራኝ። ጊዜውን በዓመት 20 በመቶ ብንቆጥረው ከአምስት ዓመት በኋላ የሚመጣ 100 ብር ዛሬ 40 ብር ገደማ ነው። 25 በመቶ ብንለው 33 ብር ገደማ ይሆናል። አምስት ነጥብ ብቻ ቀየርን፤ ከዋጋው አንድ ስድስተኛ በላይ ጠፋ። «አየሽ፣ አንድ ሰው የተመነ ዋጋ ይዞ ቢመጣ የምትጠይቂው መጀመሪያ ይህን ነው። 20ው ከየት መጣ? ማን አለ? የትኛው ገጽ ላይ?» መንግሥት የሚበደርበት የግምጃ ቤት ሰነድ ስንት ይከፍላል፣ የዋጋ ንረቱ ስንት ነው፣ ሥራው ራሱ ምን ያህል ያሰጋል። ሁሉም ተደምሮ ነው ያ ቁጥር የሚገኘው። ከየት እንደመጣ ካልተጻፈ ሰውየው ከኪሱ ያወጣው ነው።

ሁለተኛው ሳምንት ላይ የራሴ ሥራ ተሰጠኝ። ለሕዝብ ከወጡ ሪፖርቶች የአምስት ኩባንያዎችን የአምስት ዓመት ቁጥር ኤክሴል ላይ ማሰናዳት። ገቢ፣ ትርፍ፣ ዕዳ፣ የአክሲዮን ብዛት፣ የትርፍ ድርሻ። ኩባንያን ከእኩዮቹ ጋር ለማወዳደር የሚያገለግል ሠንጠረዥ ነው። በእጅ የሚገባ ቁጥር በሰማያዊ፣ በቀመር የሚወጣ በጥቁር ይጻፋል። ይህ በየአገሩ ባሉ ኢንቨስትመንት ባንኮች የተለመደ ነውና አሁኑኑ ልመዱት። ደስ ብሎኝ ሠራሁ። በሁለት ቀን ጨረስኩ። አምሮብኛል ብዬ ነው የላክሁት።

አናሊስቱ በማግስቱ ወንበሩን ስቦ አጠገቤ ተቀመጠ። አንድ ኩባንያ ላይ ጠቆመ። «ይሄ ድርጅት ዕዳው በአንድ ዓመት ከእጥፍ በላይ ሆነ። ምን ሆኖ ነው?» አላውቅም አልኩ። «ገጹ የት አለ?» አለኝ።

ገጽ አልነበረኝም። ስህተቱ ሁለት ነበር፣ ሁለቱም የእኔ። አንዱ የዘመን አቆጣጠር ነው። የእኛ በጀት ዓመት ሐምሌ 1 ተጀምሮ ሰኔ 30 ያልቃል። አንዱ ሪፖርት «2016 በጀት ዓመት» ይላል። ሌላው ያንኑ ዓመት «2015/16» ይለዋል። በእንግሊዝኛ የተጻፈው ደግሞ «2023/24» ይለዋል። ሦስቱም አንድ ዓመት ናቸው። እኔ ሁለተኛውን 2015 ሥር አስገብቼዋለሁ። ስለዚህ የዚያ ኩባንያ ቁጥሮች በሙሉ አንድ ዓመት ወደ ኋላ ተንሸራተዋል።

ሌላው የባሰ ነበር። ያ ኩባንያ የዶላር ዕዳ ነበረበት፤ ማብራሪያው ዕዳውን በዶላር ነው ያስቀመጠው። ወደ ብር ለመቀየር ስልኬን አውጥቼ የ2024 ምንዛሪ ፈለግኩ፤ የዓመቱን መጨረሻ፣ ታኅሣሥ አካባቢ ያለውን ወሰድኩ። ከ120 ብር በላይ ነበር። ሂሳቡ የተዘጋው ግን ሰኔ 30 ቀን 2016 ነው። ብር በገበያ ዋጋ እንዲወሰን የተደረገው ሐምሌ 22 ነው። ሂሳቡ ከተዘጋ ከሃያ ሁለት ቀን በኋላ ማለት ነው። ሰኔ 30 ላይ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር። እኔ ያልነበረ ዕዳ ፈጠርኩ። እዚያው ሪፖርት ውስጥ፣ ከዚያው ማብራሪያ ሥር፣ ኩባንያው የተጠቀመበት ምንዛሪ ተጽፏል። አንድ ገጽ ብገልጥ አገኘው ነበር።

ለቅሶ መጣብኝ። ሴትዮዋ ጠሩኝ። «ይቅርታ ያድርጉልኝ» አልኳቸው። አልተቆጡም። «ስህተትሽ የምንዛሪው ቁጥር አይደለም» አሉኝ። «ቁጥሩን ከየት እንዳመጣሽው ብትጽፊ ኖሮ እኛ በአንድ ደቂቃ እናገኘው ነበር። አልጻፍሽም። ስለዚህ አሁን አንዱንም ማመን አልችልም። ትክክሉንም ጭምር።» ሠንጠረዡን መለሱልኝ። በእያንዳንዱ ቁጥር አጠገብ «ምንጭ» የሚል ዓምድ ጨምሪ አሉ። የሪፖርቱ ስም፣ የበጀት ዓመቱ በሁለቱም አቆጣጠር፣ የገጽ ቁጥር። ከመቶ በላይ ቁጥር ነበር። ሦስት ቀን ተኩል ፈጀብኝ። በመንገዴ ላይ ሌሎች አራት ስህተቶች አገኘሁ፤ ሁለቱን ማንም አላያቸውም ነበር። እነሱንም ነገርኳቸው።

ልምምዱ ምን አስተማረሽ ብትሉኝ ያ ዓምድ ነው። አሁን የመመረቂያ ጥናቴን ስሠራ የምጠቀመው እሱን ነው። እኛ ተማሪዎች ቁጥር ከስላይድ ወደ ስላይድ እየገለበጥን ነው ያደግነው። መምህር የሰጠው ሃንድአውት ላይ ያለ ቁጥር ከየት እንደመጣ ጠይቄ አላውቅም። እዚያ ቢሮ ውስጥ ግን አንድ የተሳሳተ ቁጥር ለሕዝብ በሚቀርብ ሰነድ ውስጥ ቢገባ፣ 9,900 ብር ቆጥባ አክሲዮን የምትገዛ አንዲት ሴት አለች። እሷ ቢሮ ገብታ ኤክሴሉን ማየት አትችልም። የምታምነው ሰነዱን ነው።

ስለ ምስጢር የተናገርኩትን ልጨርስ። በመጀመሪያው ቀን ያስፈረሙኝ ወረቀት አለ። እዚያ ያየሁትን፣ የሰማሁትን፣ የገመትኩትንም ጭምር ለማንም እንዳልናገር። ሥራዎቹ በድርጅት ስም አይጠሩም፤ እያንዳንዱ የተሰጠው የሚስጥር ስም አለው። የእኛው የወንዝ ስም ነበረው። ሊፍት ውስጥ ስለ ሥራ አይወራም። ታክሲ ውስጥ በስልክም አይወራም። የታተመ ወረቀት በመቁረጫ ማሽን ያልፋል። መጀመሪያ የተጋነነ መስሎኝ ነበር። ምክንያቱ ግን ቀላል ነው። አንድ ኩባንያ ሊሸጥ ወይም አክሲዮን ሊያወጣ እንደሆነ ቀድሞ ያወቀ ሰው ገና ያላወቀውን ሰው አክሲዮን በርካሽ ይገዛዋል። ያ ሌብነት ነው፤ በሕግም ያስጠይቃል።

ከባዱ ቢሮው ውስጥ መጠበቁ አይደለም። ቤት ነው። ሁለተኛው ሳምንት እሁድ አጎቴ መጣ። ቡና ተፈላ። አጎቴ ባንኮች አዳዲስ አክሲዮን እየሸጡ መሆኑን ሰምቷል። እውነት ነው፤ ብሔራዊ ባንክ የተከፈለ ካፒታላቸውን 5 ቢሊዮን ብር እንዲያደርሱ አዟቸው ነበር፣ ጊዜው በ2018 ሰኔ ነበር የሚያበቃው። ብዙዎቹ ገዢ እየፈለጉ ነበር። «እንግዲህ አንቺ ውስጥ ገብተሻል» አለኝ። «የቱን ልግዛ? ለእኔ ብቻ ንገሪኝ።»

ጋሼ፣ አልችልም አልኩት። የሚቀልድ መሰለው። ደግሞ ጠየቀኝ። ደግሜ አልችልም አልኩ። «ለእኔ?» አለ። ፊቱ ተቀየረ። ይህ ሰው የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ሻንጣዬን የገዛልኝ ሰው ነው። እውነቱን ለመናገር፣ ስለሚጠይቀኝ ባንክ የማውቀው ነገር እንኳ አልነበረም። ግን «አላውቅም» ማለት ራሱ መልስ ነው፤ ነገ ሌላውን ጠይቆኝ ዝም ብል ያኔ የማውቅ ይመስለዋል። ስለዚህ ለሁሉም አንድ መልስ ብቻ ነው ያለው። ስለ ማንኛውም ድርጅት፣ ባውቅም ባላውቅም፣ አልናገርም። ይህን መልስ ከመግባታችሁ በፊት ተለማመዱት፤ ቤተሰባችሁንም አስቀድማችሁ ንገሯቸው። እኔ አስቀድሜ ባለመንገሬ ነው አጎቴን ያስቀየምኩት።

ዝም ብዬ ግን አልሸኘሁትም። ማንም ሊነግረው የሚችለውን፣ ለሕዝብ የወጣውን ነገርኩት። አክሲዮን ለሕዝብ የሚሸጥልህ ሰው በመጀመሪያ በካፒታል ገበያ ባለሥልጣን የተመዘገበ ሰነድ ያሳይህ። ሻጩ ወይም ደላላው ፈቃድ አለው ወይ? በል። በቴሌቪዥን የተነገረውን ትርፍ ሳይሆን የኦዲተሩን ገጽ ጠይቅ። ያለፉትን ዓመታት የትርፍ ድርሻ ለአንድ አክሲዮን ስንት እንደደረሰ ራስህ አካፍል፤ አክሲዮን ሲጨመር ድርሻው ይሳሳልና። አጎቴ ደብተር አምጪ አለኝና ጻፈው። ሲወጣ ሳመኝ። ሙሉ በሙሉ እንዳልተደሰተ ግን አውቃለሁ።

ሦስተኛው ሳምንት ፈጥኖ አለቀ። ሁለት ስብሰባ ላይ ተቀምጬ ማስታወሻ ያዝኩ፤ ስለ ይዘቱ ምንም አልልም። የሰነድ እርማት ረዳሁ፤ የአማርኛውና የእንግሊዝኛው ቅጂ ቁጥር በቁጥር ይመሳሰል እንደሆን መስመር በመስመር ማየት። አሰልቺ ሥራ ነው፤ ግን ቋንቋ የሚችል ተማሪ እዚያ ጋ በጣም ይፈለጋል። አማርኛውን እንደ ትርፍ ነገር አትዩት። ሰነዱን አንብቦ የሚገዛው ሕዝብ በአማርኛ ነው የሚያነበው። በኦሮምኛም፣ በትግርኛም፣ በሌላውም እንደዚያው።

ስትወጡ የልምምድ ማረጋገጫ ደብዳቤ ጠይቁ፤ ሳይጠየቅ አይሰጥም፤ ሰው ሥራ ይበዛበታል። ከመጨረሻው ቀን ሦስት ቀን አስቀድማችሁ፣ የሠራችሁትን በአራት መስመር ጽፋችሁ ስጧቸው፤ ቶሎ ይፈርሙላችኋል። እኔ «የአምስት ኩባንያዎች ማነጻጸሪያ ሠንጠረዥ ከነምንጩ» ብዬ ጻፍኩ። ሴትዮዋ «ከነምንጩ» የሚለውን አይተው ሳቁና ፈረሙ። ሥራ ይሰጡኛል ብዬ አልሄድኩም፤ ቃል የገባልኝም የለም። ከተመረቅኩ በኋላ ማመልከት እችላለሁ ብለውኛል፣ አመለክታለሁ።

የልምምዱ መጨረሻ አርብ ማታ አባቴ ከቁም ሳጥን አንድ ቢጫ ፖስታ አወጣ። የአክሲዮን ሰርተፊኬት ነው፣ ከአሥር ዓመት በፊት የገዛው። በየዓመቱ የትርፍ ድርሻ ይገባለታል፤ ከዚያ ውጭ ስለ ድርጅቱ ምንም አያውቅም። በሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ የሚመዘገቡ ኩባንያዎች አክሲዮን በማዕከላዊ ግምጃ ቤት፣ የማን አክሲዮን ስንት እንደሆነ በሚመዘግበው ተቋም፣ በኤሌክትሮኒክ እንደሚያዝ ነገርኩት። ስሙ በሰርተፊኬቱ ላይ የተጻፈው ከመታወቂያው ጋር ይመሳሰላል ወይ ብዬ አየሁ። አንድ ፊደል ይለያያል። ሰኞ ሄዶ ያስተካክለዋል።

«ጠቅላላ ጉባኤ ሄደህ ታውቃለህ?» አልኩት።

«ጥሪው ጋዜጣ ላይ ይወጣል። ሄጄ ምን እላለሁ ብዬ ነው» አለ።

የባለፈውን ዓመት ሪፖርት አውርጄ ጠረጴዛው ላይ ከኋላ ገለበጥኩለት። መነጽሩን አደረገ። ማብራሪያ ቁጥር ሰባት ላይ በእስክሪብቶ ያሰመረበት አንድ ቁጥር አለ። ኅዳር ላይ ጉባኤው ሲጠራ አብረን እንሄዳለን፤ ስለዚያ ቁጥር የሚጠይቀው እሱ ነው።